ከሕዋስ ውጭ ያለ ማትሪክስ
ሕዋሳት ራሳቸው አምርተው ወደ ውጭ የሚለቋቸው ፕሮቲኖችና የስኳር ሰንሰለቶች ተሳስረው የሚፈጥሩት መረብ ከሕዋስ ውጭ ያለ ማትሪክስ ይባላል። በአጥንት፣ በጅማትና በቆዳ ውስጥ ከሕዋሳቱ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል።

ዋናው ፕሮቲን ኮላጅን ሲሆን፣ በአጥቢ እንስሳት አካል ውስጥ ከሁሉም ፕሮቲኖች በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፤ 28 ዓይነቶቹ ተለይተዋል። 3 ሰንሰለቶቹ እንደ ገመድ የተገመዱ ናቸው። በእያንዳንዱ ሰንሰለት በየሦስተኛው ቦታ ግላይሲን የተባለው ትንሹ አሚኖ አሲድ ይገኛል፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ሌላ አይገባም። አንድ ግላይሲን በሌላ አሚኖ አሲድ መተካቱ ብቻ አጥንትን በቀላሉ ተሰባሪ የሚያደርግ የዘር በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ግምዱ እንዲጸና ደግሞ ቫይታሚን ሲ የግድ ነው። ለወራት ፍራፍሬና አትክልት ያላገኙ የጥንት መርከበኞች ድዳቸው የሚደማውና የዳነ ቁስላቸው ዳግም የሚከፈተው በስከርቪ፣ ማለትም በዚሁ ቫይታሚን እጥረት ነበር።

ኢላስቲን የተባለው ሌላው የማትሪክሱ ፕሮቲን ሳንባና ትላልቅ የደም ቧንቧዎች ተለጥጠው እንዲመለሱ ያደርጋል። ፕሮቲንና የስኳር ሰንሰለቶች የተጣመሩባቸው ፕሮቲዮግላይካኖች ደግሞ ውኃ ስበው ስለሚይዙ፣ የጉልበት ልም አጥንት የሰውነትን ክብደት ይችላል።

ማትሪክሱን ደጋፊ ምሰሶ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ስህተት ነው። ፋይብሮኔክቲንና ላሚኒን የተባሉት የማትሪክሱ ፕሮቲኖች በሕዋስ ሽፋን ላይ ካሉት ኢንቴግሪን ከሚባሉ ተቀባዮች ጋር ተያይዘው ሕዋሱ እንዲያድግ፣ እንዲጓዝ ወይም እንዲሞት የሚወስን መልእክት ያስተላልፋሉ። አሮጌውን መረብ የሚቆራርጡት ሜታሎፕሮቲኔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ የካንሰር ሕዋሳትም ወደ አጎራባች ሕብረ ሕዋስ ሰብረው ለመግባት በእነዚሁ ይጠቀማሉ። ኮላጅን በጉበት ውስጥ ከመጠን በላይ ሲከማች በአንጻሩ ጉበቱ ይጠጥራል፤ ሥራውም ይዳከማል።