የወሊድ መዝገብ ታሪክ፦ ይህን ሁሉ ጥያቄ ለምን እንጠይቃችኋለን?



ለእርግዝና ክትትል የምትመጣ እናት ብዙ ጊዜ የጥያቄው ብዛት ያሰለቻታል። ስንተኛ እርግዝናሽ ነው? ውርጃ አጋጥሞሽ ያውቃል? ሞቶ የተወለደ ልጅ ነበር? ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር? አንዷማ «ዶክተርዬ፣ ያለፈውን ተይውና አሁን ያለውን እይልኝ» ብላኛለች። አልፈረድኩባትም፤ ያለፈን ሐዘን ማንሳት ከባድ ነው። ዛሬ ግን እነዚህ ጥያቄዎች ከየት እንደመጡ ታሪካቸውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ አንድ ገጠመኝ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ የመጣች እናት ተቀበልኩ። ክትትሏን ያደረገችው ሌላ ከተማ ነው፤ ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። ካርዷን ግን አልያዘችም። የመጀመሪያው ወሊድ እንዴት እንደነበር ስጠይቃት በምጥ መሐል «ደህና ነበር» አለችኝ። ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም አለ። ውጭ ይጠብቁ የነበሩት እናቷ ይህን ሲሰሙ «ያኔም እንዲሁ ሆና ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው» አሉን። ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ደም አዘጋጅተን፣ ግሉኮስ የሚሰጥበትን መስመር ከፍተን እንጠብቃት ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተርፋለች። ያመለጠን ግን አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር።

ለአንዲት እናት እንዲህ የሆነው ነገር ለአገርም ይሆናል። አገርም እናቶቿ በምን እንደሞቱ ካልጻፈች፣ ለሚቀጥለው ምጥ ሳትዘጋጅ ትቀራለች።

📌 ስዊድን፦ ቄሶቹ የሞሉት ቅጽ

የእናቶችን ሞት በአገር ደረጃ መቁጠር ቀድመው ከጀመሩት አገሮች አንዷ ስዊድን ናት። እ.ኤ.አ. ከ1749 ጀምሮ የየአጥቢያው ቄሶች የተወለደውን፣ የሞተውንና የሞቱን ምክንያት በአንድ ዓይነት ቅጽ እየሞሉ መላክ ጀመሩ። በወሊድ የሞቱ ሴቶችም ለብቻ ይጻፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1751 የአገሪቱ የጤና ኮሚሽን ቁጥሩን ተመልክቶ፣ በወሊድ ከሞቱት 651 ሴቶች መካከል በቂ አዋላጅ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ 400ዎቹ ይተርፉ እንደነበር አስታወቀ።

ከዚያ በፊት የእነዚያ እናቶች ሞት በየቤቱ የሚለቀስ ዕጣ ፈንታ ነበር። ሲደመር ግን መፍትሔ ያለው ችግር መሆኑ ታየ። አገሪቱ አዋላጆችን አሠልጥና በየአጥቢያው ማሰማራት ቀጠለች። በ1751 ከ100,000 ወሊድ ወደ 900 ገደማ የነበረው የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ1900 ወደ 230 ወረደ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው አንቲባዮቲክ ከመገኘቱና ደም መስጠት ከመለመዱ በፊት ነው።

📌 አሜሪካ፦ አንድ ሳጥን ያመጣው ግርታ

መጠየቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መልሱም እውነት መሆን አለበት። ይህን ከአሜሪካ ታሪክ እንማራለን።

እዚያ የሞት ምስክር ወረቀት ላይ የሟቿ እርግዝና ስለማይጠቀስ ብዙ የእናቶች ሞት ሳይቆጠር ይቀር ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 በተሻሻለው ቅጽ ላይ «ነፍሰ ጡር ነበረች ወይ? ወይስ በቅርቡ ወልዳ ነበር?» የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ተጨመረ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ግን ግዛቶቹ አዲሱን ቅጽ በአንድ ጊዜ አልተቀበሉም፤ የመጨረሻዋ ግዛት የጀመረችው በ2017 ነው። ገሚሱ በአሮጌ፣ ገሚሱ በአዲስ ቅጽ ሲቆጥር ድምሩ ትርጉም አጣ። ከ2007 በኋላ እስከ 2018 መረጃ ድረስ አገሪቱ ይፋዊ የእናቶች ሞት መጠን ሳታወጣ ቆየች።

ሌላም ስህተት ተገኘ። በዕድሜ የገፉ አረጋውያን ሴቶች ሳይቀሩ «ነፍሰ ጡር ነበረች» በሚለው ላይ ምልክት ተደርጎባቸው ነበር! የ2018 ቁጥር ሲወጣ ከ100,000 ወሊድ 17.4 ሆነ፤ በ2002 ግን 8.9 ነበር። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ልዩነቱ በአብዛኛው ከአቆጣጠሩ ለውጥ የመጣ መሆኑን ገለጹ። ሳጥኑ ተደብቀው የነበሩትን አሳይቷል፤ በግዴለሽነት ሲሞላ ደግሞ ያልነበሩትንም ጨምሯል።

📌 እኛስ?

በእኛ አገር ወላድን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ምጥ ምን ያህል የሚያስፈራ እንደነበር ይህ አባባል ብቻውን ይናገራል። ስንት እናቶች እንደምናጣ በቁጥር ማወቅ ግን ለረጅም ጊዜ አልተቻለም፤ አብዛኛው ወሊድ ቤት ውስጥ ነበርና። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። የሆስፒታል መዝገብ ብናገላብጥ የምናገኘው ያን ትንሽ ክፍል ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጥናቱ ሌላ መንገድ ተጠቀመ። ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ሴቶችን ስለ እህቶቻቸው ጠየቁ፦ «ከእናትሽ የተወለዱ እህቶችሽ ስንት ናቸው? የሞተች አለች? ስትሞት ነፍሰ ጡር ነበረች? በምጥ ላይ ነበረች? ወይስ ወልዳ 2 ወር ሳይሞላት?» የሞተች እናት ራሷ ስለማትናገር እህቷ ተናገረችላት።

በዚህ መንገድ ከ100,000 ወሊድ የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871፣ በ1997 ዓ.ም. 673፣ በ2003 ዓ.ም. 676፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 412 ተብሎ ተገመተ። ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ግምት መሆኑን አንርሳ። የ2008ቱ ትክክለኛ ቁጥር ከ273 እስከ 551 መካከል ሊሆን እንደሚችል ጥናቱ ራሱ ያስቀምጣል። ከዚህም በላይ፣ ይህ ቁጥር ስንት እንደሞቱ ይነግረናል እንጂ እያንዳንዷ ለምን እንደሞተች አይነግረንም።

ለውጡ የመጣው በ2005 ዓ.ም. የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባለው አሠራር ሲጀመር ነው። አንዲት እናት ስትሞት፣ ጤና ተቋም ውስጥም ይሁን ቤቷ፣ ሞቱ ለወረዳው ይነገራል። ባለሙያ ሄዶ ቤተሰቡን ያነጋግራል፤ ኮሚቴ ደግሞ 3 መዘግየቶችን ይመረምራል፦

1️⃣ ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን ዘግይተው ነበር?
2️⃣ መንገድ ወይም መጓጓዣ አዘገያቸው?
3️⃣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናው ዘገየ?

የዚህ ምርመራ ዋናው ሕግ ማንንም ለመክሰስ አለመሆኑ ነው። የእናትየዋም ሆነ የባለሙያው ስም ወደ ላይ አይተላለፍም። የሚፈለገው ለሚቀጥለው መፍትሔ ነው፦ ደም አልነበረም? አምቡላንስ አልደረሰም? በኋላም ሞተው የሚወለዱና በተወለዱ ጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በዚሁ ቅኝት ተጨመሩ። እነዚህ ሕፃናት ብዙ ጊዜ በጸጥታ ተቀብረው፣ «አይወራ» ተብለው የሚቀሩ ናቸው።

የመዝገቡ አሠራርም እየተለወጠ ነው። ቀድሞ እኛ በትልቁ መዝገብ ላይ እንጽፋለን፤ በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ሚኒስቴር በወረቀት ይሄዳል። አሁን ወርኃዊ ሪፖርቱ በኮምፒዩተር ይላካል። ይህ ፍጥነት ሰጥቶናል። አንድ ክፍተት ግን አልተዘጋም፦ የሚላከው ድምር ነው እንጂ የእናትየዋ ታሪክ አይደለም። ያቺ በዚያ ሌሊት የተቀበልኳት እናት በአንዱ ከተማ «ክትትል ጀምራ የጠፋች»፣ በሌላው «አዲስ የመጣች» ሆና ተቆጥራለች። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ቢኖር ቤት የቀረው ካርዷ ነበር።

📌 እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

✅ የክትትል ካርዳችሁን እንደ መታወቂያ ያዙት። ለመውለድ ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ከልብሱ በፊት ካርዱን ያዙ። ፎቶ አንስታችሁ በስልካችሁና በባለቤታችሁ ስልክ አስቀምጡት።

✅ ያለፈውን ሁሉ ንገሩን፦ ውርጃ፣ ሞቶ የተወለደ ልጅ፣ ኦፕሬሽን፣ የደም ግፊት፣ ብዙ ደም መፍሰስ። ሰው ፊት መናገር ከከበዳችሁ «ለብቻዬ ላነጋግርሽ» በሉ፤ መብታችሁ ነው። የነገራችሁንን ምስጢር መጠበቅ ደግሞ ግዴታችን ነው።

✅ ባሎች፣ እናቶችና አማቶች፦ የቀድሞው ወሊድ እንዴት እንደነበር እናንተም እወቁ። በምጥ ላይ ያለች ሴት ሁሉን ላታስታውስ ትችላለች።

✅ ከወለዳችሁ በኋላ ምን እንደሆነ ጠይቁና ካርዱ ላይ እንዲጻፍላችሁ አድርጉ። «ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር? ደም ተሰጥቶኛል? ኦፕሬሽኑ ለምን ተደረገ?»

✅ ልጃችሁን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ ወይም በወረዳ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። አገር ልጆቿን የምትቆጥረው በዚህ ነው።

✅ ሐዘን ደርሶባችሁ ባለሙያ ለመጠየቅ ቤታችሁ ቢመጣ፣ ሲበረታላችሁ አነጋግሩት። የእናንተ መልስ የሌላ ቤት እናት ሊያተርፍ ይችላል።

በስዊድን 400 እናቶች መትረፍ ይችሉ እንደነበር የታወቀው በየአጥቢያው አንድ ሰው በእውነት ስለጻፈ ነው። በእኛም አገር ሪፖርቱ የሚጀምረው ከሚኒስቴር ሳይሆን ከእናንተ መልስና ከእኛ እስክሪብቶ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጥያቄው ሲበዛባችሁ ይህን አስታውሱልኝ።

ነፍሰ ጡር ለሆነች እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ አጋሩላት። ነፍሰ ጡሮች ሁሉ በሰላም ተገላገሉ!