የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ መደፍረስ

የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ መደፍረስ ደቃቅ ቅንጣቶች ወይም ረቂቅ ተሕዋስያን በውሃው ውስጥ ሲበዙ የሚከሰት ነው። ምክንያቱን ለመለየት ውሃውን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማሳደር ይጠቅማል። ሰበታ አቅራቢያ ባለው የተፍኪ ሜዳ አዋሽ በክረምት ሲሞላ ጭቃ ያደፈረሰው ውሃ ለቀናት ሳይጠልል ሊቆይ ይችላል፤ በጨው ውሃ ግን የሸክላ ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ቶሎ ይዘቅጣሉ። ስለዚህ ጠዋት ከብርጭቆው ሥር ዝቃጭ ከታየ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ አሸዋ ወይም በቅጡ ሳይሟሟ የቀረ የጨው ዱቄት ሊሆን ይችላል። እንደደፈረሰ ካደረ ሕይወት ያለው ነገር ይጠረጠራል፦ አረንጓዴ ከሆነ አልጌ፣ ወተት ከመሰለ ባክቴሪያ። ይበልጥ የሚያሰጋው ወተት መሳዩ ነው። ባክቴሪያው ኦክስጅን ስለሚሻማቸው ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፋፍታሉ፤ ሊሞቱም ይችላሉ። ያን ጊዜ የአየር መንፊያ ይጨመራል፣ ምግብ ይቀነሳል፣ አሞንያ ይለካል። ማጣሪያውን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ማጠብ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ስለሚገድል ነገሩን ያባብሳል።