አጥቢያ እንደ አካባቢ አስተዳደር ክፍል በካናዳ ታሪክ

በታሪክ ትምህርት ስለ አካባቢ አስተዳደር ሲነገር በአብዛኛው የሚጠቀሱት ከተማና አውራጃ ናቸው። በካናዳ ግን የገጠሩን ሕዝብ ኑሮ ለረጅም ዘመን ሲመራ የኖረው ከሁለቱም ያነሰው ክፍል፣ ማለትም አጥቢያ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ክልል መጠሪያ የሆነው ይህ ቃል «አጥቢያ ዳኛ» በሚለው አጠራር ለመንግሥት ሥራ እንደዋለ ሁሉ፣ በካናዳም ሃይማኖታዊው ክልል ቀስ በቀስ የሕዝባዊ አስተዳደር ክፍል ሆኗል። የሽግግሩ መልክ ግን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያያል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኩቤክ መነሻው ቤተ ክርስቲያን ናት። በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን ጳጳሱ አጥቢያዎችን ያቋቁም ነበር፤ በ1722 ደግሞ ወሰናቸው በንጉሣዊ ትእዛዝ ጸደቀ። ቄሱ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ይመዘግባል፤ የአጥቢያው የሚሊሺያ ሻምበል የመንግሥትን ትእዛዝ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለሕዝብ ያሰማል። የተመረጡ የሕዝብ ምክር ቤቶች ግን አልነበሩም። ሎርድ ደራም በ1839 ባቀረበው ሪፖርት ይህን ጉድለት አጥብቆ ነቅፏል። በ1846 የወጣው የትምህርት ሕግ ግብርን ግዴታ ባደረገ ጊዜ ገበሬዎች ተቃወሙ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም ተቃጠሉ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1855 የወጣው ሕግ ሕዝቡ የለመደውን አጥቢያ የማዘጋጃ ቤት መሠረት አደረገው። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ የዜግነት ሁኔታ መዝገብ ሆኖ ማገልገሉ ያበቃው ግን በ1994 ነው።

በኒው ብረንስዊክ ነገሩ የተለየ ነው። በ1786 የወጣው ሕግ አውራጃዎቹን በአጥቢያዎች ከፋፈለ። የመንገድ ተቆጣጣሪዎችን፣ የግብር ገማቾችንና የድኾች ጠባቂዎችን የሚሾሙት ቄሶች ሳይሆኑ የአውራጃው የሰላም ዳኞች ነበሩ። እያንዳንዱ አጥቢያ ድኾቹን በራሱ ገንዘብ መርዳት ስለነበረበት፣ በአንዳንድ ስፍራ ድኻው በአነስተኛ ዋጋ ለሚቀልበው ሰው በጨረታ እስከ መሰጠት ደርሷል። በ1877 የተመረጡ የአውራጃ ምክር ቤቶች በመላው ክፍለ ሀገር ግዴታ ሆኑ፤ አጥቢያውም ተወካዮቹን ወደዚያ መላክ ጀመረ። ሆኖም የአገልግሎቱ ደረጃ በአካባቢው ሀብት ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር፣ የድኻ አካባቢ ልጅ የሚያገኘው ትምህርት ከሀብታሙ እጅግ ያነሰ ነበር። በጠቅላይ ሚኒስትር ሉዊ ሮቢሾ ዘመን፣ በ1967፣ የአውራጃ ምክር ቤቶች ተሽረው ትምህርት፣ ጤና፣ የድኾች ርዳታና ፍትሕ ወደ ክፍለ ሀገሩ መንግሥት ተላለፉ። አጥቢያው ሥልጣኑን ቢያጣም ስሙ በመሬት ሰነድና በሕዝብ ቆጠራ ውስጥ ቀርቷል።

ሁለት ሌሎች ምሳሌዎች ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። ሳሙኤል ሆላንድ በ1764 እና በ1765 በኋላ ፕሪንስ ኤድዋርድ የተባለውን ደሴት ቀይሶ በ3 አውራጃ፣ በ14 አጥቢያና በ67 የመሬት ክፍል መደበ፤ ሕዝቡ የተጠቀመበት ግን የመሬት ክፍሉን እንጂ አጥቢያውን አይደለም። በአንጻሩ በቀይ ወንዝ ሰፈር አጥቢያ የረባ ሕጋዊ ሥልጣን ሳይኖረው፣ በ1869 እና በ1870 በሉዊ ሪየል ዘመን ለተደረጉት ጉባኤዎች ተወካዮች የተመረጡት በአብዛኛው በየአጥቢያው ነበር። ማኒቶባም በ1870 ክፍለ ሀገር ሆነች።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ በካርታ ላይ የተሠመረ ወሰን ብቻውን አስተዳደርን እንደማይፈጥር ነው። አጥቢያ የጸናው ሕዝቡ አስቀድሞ ይገናኝበትና ይደማመጥበት በነበረበት ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ መቀራረብ የገንዘብን እጥረት አይተካም፤ ትንሹ ክፍል ትልቁን ሸክም ብቻውን እንዲሸከም በተተወ ጊዜ የተጎዱት ድኾችና ተማሪዎች ናቸው። መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ከስሞቹና ከዘመናቱ ይልቅ «ሥልጣኑ የማን ነበር? ወጪውንስ ማን ይሸፍን ነበር?» የሚሉትን ጥያቄዎች ቢያስቀድሙ ተማሪው የአካባቢ አስተዳደርን ምንነት በሚገባ ይገነዘባል።