እሳት ያየ ብረት

ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 31 ስለ ዕቃ መንጻት የሚናገር አጭር ሕግ አለው። ወርቅና ብር፣ ናስና ብረት፣ ቆርቆሮና እርሳስ፣ እሳት የሚችል ሁሉ በእሳት አልፎ ይነጻል፤ በማንጻት ውኃም ይታጠባል። ኦሪት ዘሌዋውያን ግን በሸክላ ላይ ጨካኝ ነው፤ ርኩስ ነገር የወደቀበት የሸክላ ዕቃ ይሰበር ይላል። ብረት ንስሐ አለው፤ ሸክላ የለውም።

ይህ ሕግ ከብራናው ወርዶ በምድጃ ዙሪያ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረበት አገር ሩቅ አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ደጋ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው አገር ነው። በዚያ ቤተ እስራኤል ይኖሩ ነበር።

ስሜን ምሽጋቸው ነበረች። ዐፄ ሱስንዮስ በ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጌዴዎንን ድል እስኪነሡ ድረስ በእነዚያ አምባዎች ላይ የራሳቸው ገዥ ነበራቸው። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ብለው እንዳወጁ ትውፊት ይናገራል። ውጤቱ ከአዋጁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ። ርስት የተነፈገ ሰው የሌላውን መሬት በእኩል ያርሳል፤ ያ አልበቃ ሲለው ደግሞ ወናፍና መዶሻ ይይዛል። ሚስቱ ጭቃ ታቦካለች። እንዲህ ሆኖ የስሜንና የወገራ ገበሬ የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ በጉን የሚያርድበት ቢላዋ ከቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ እጅ ይወጣ ጀመር፤ እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድና ውኃው የሚቀዳበት እንስራም ከሴቶቹ እጅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እነዚህ ሰዎች በንጽሕና ሕጋቸው እጅግ ጥብቅ ስለነበሩ ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ብለው ሰየሟቸው። ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት በወራጅ ውኃ ይነከር ነበር፤ መንደሮቻቸውን በወንዝ ዳር የመሠረቱትም ስለዚህ ነው። ሌላ ሰው ያረደውን ሥጋ አይበሉም፤ ሌላ ሰው የጋገረውን እንጀራም እንዲሁ። መነኮሳቱ፣ በስሜን መናጣ እንደነበሩት ያሉት፣ ከራሳቸው ምእመናን እንኳ ተለይተው በግቢያቸው ይኖሩና ምግባቸውን ለብቻቸው ያበስሉ ነበር። በፋሲካቸው ዋዜማ ቤቱ ሁሉ ይጠረግና እርሾ የነካው አሮጌ ሸክላ ተሰብሮ አዲስ ይሠራ ነበር። (ሸክላ ሠሪ ለሆነ ሕዝብ ይህ ሕግ ከሌላው ይልቅ ሳይቀል አልቀረም፤ ድስቱን የሰበረችው እጅ ሌላ ድስት ትሠራለችና።)

ግን ፍርሃቱ ከሁለቱም ወገን ነበር። ክርስቲያኑ ጎረቤትም ቀጥቃጩን ይፈራዋል። ቡዳ ነው ይለዋል፤ ሌሊት ጅብ እየሆነ ይሄዳል ይለዋል፤ ልጁን ከዓይኑ ይሸሽገዋል። ሐጋር ሳላሞን እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ቤተ እስራኤልና ስለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ላሳተመችው መጽሐፍ «የጅብ ሕዝብ» የሚል ርእስ የሰጠችው ከዚሁ የተነሣ ነው። በቀን ብርሃን በገበያ ከቀጥቃጩ የገዛውን ቢላዋ በወገቡ ሽጦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ገበሬ፣ በመሸ ጊዜ የሠሪውን እጅ ፈርቶ በሩን ይዘጋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ እዚህ ላይ ነው። በኦሪቱ ሕግ ከሄድን ከቀጥቃጭ ቤት የሚወጣ ብረት ያህል ንጹሕ ነገር በመንደሩ አልነበረም። ከከሰል ገብቶ ፍም መስሎ ይወጣል፣ በመስፍ ላይ ይመታል፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይጮኻል፤ እሳትም ውኃም በአንድ ቀን ደጋግሞ ያየ ነው። ሠሪው ሕጉን ያውቃል፤ ገዥውም ያንኑ ኦሪት በቤተ ክርስቲያኑ ያነብባል። ያም ሆኖ ብረቱ ሲነጻ እጁ አልነጻለትም።

ከዚህ እጅግ በራቀ አገር፣ በሕንድ ፑንጃብ፣ ብረት ሌላ ዕድል ገጥሞታል። የሲክ እምነት አሥረኛው መምህር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1699 በአናንድፑር ኻልሳ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ተከታዮቻቸው የሚጠጡትን ቅዱስ ውኃ በብረት ሳህን ውስጥ በሁለት አፍ ሰይፍ አማሰሉት። የተጠመቀ ሲክ እስከ ዛሬ የብረት አምባር ከእጁ አይለይም። ከእነርሱም መካከል ኒሃንግ የሚባሉት ወታደር መሰል ወገኖች «ሰርብሎህ»፣ ማለትም ሁለንተናው ብረት፣ የሚሉትን ሥርዐት ይጠብቃሉ፤ የሚያበስሉትም የሚበሉትም በብረት ዕቃ ብቻ ነው፤ ያበሰለውም እንደ እነርሱ ሥርዐቱን የሚጠብቅ መሆን አለበት። በዚያ ብረት ክብር ነው። ለስሜን ቀጥቃጭ ያው ብረት እንጀራውም ስድቡም ነበር። የሚመሳሰሉበት ነገር ግን አለ፤ ማን አበሰለው፣ በምንስ አበሰለው የሚለውን ጥያቄ ሁለቱም ሕዝብ ከምግቡ ጣዕም አስቀድመውታል።

ክርስቲያኑም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ ነጻ አይደለም። ሑዳዴ ሲገባ የፍስክ ድስት ታጥቦ ይቀመጣል፤ ቅቤ የጠጣ ሸክላ ግን ቢያጥቡት ስለማይለቅ ብዙ እናቶች የጾሙን ወጥ ለብቻው በተለየ ድስት ይሠራሉ። ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም። እንግዲህ በአንድ ገበያ የሚውሉ ሰዎች በአንድ ገበታ አይቀርቡም ነበር ማለት ነው፤ ግን መላ አላጡም። ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ የቤተ እስራኤል ወዳጁን ሳይጠራ አይቀርም፤ በጉን ከነነፍሱ ይሰጠውና ወዳጁ ራሱ አርዶ፣ በራሱ ዕቃ አብስሎ ይበላል። ሳይነካኩ መከባበር ልንለው እንችል ይሆናል። ይህን ወግ እንደ ፍጹም ሰላም አድርጎ ማቅረብ ግን ውሸት ነው፤ ያው እንግዳ በማግስቱ ልጅ ቢታመም በቡዳነት የሚጠረጠረው እርሱ ነበርና።

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተደረገው ጉዞ ብዙዎች ሄዱ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በዚያም አዲስ ወጥ ቤት ጠበቃቸው፤ ድስቱ የፋብሪካ ብረት ነው፤ ስለ ዕቃ መንጻት የሚወስኑትም ኦሪቱን በታልሙድ በኩል የሚያነቡ ረቢዎች ሆኑ። እሳትና ውኃ ግን በዚያም አልተሻሩም፤ በቀጥታ እሳት የተጠበሰበት ብረት በእሳት ይግላል፤ የተቀቀለበት በፈላ ውኃ ይነከራል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ወለቃን ያገኛል። ከመንገዱ ዳር ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ለሽያጭ ተደርድረዋል፤ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ። ዛሬ ብዙዎቹን የሚሠሩት የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። ሸክላው እንደ ድሮው በእሳት ያልፋል፤ የሚበላበት ግን የለም።