አመዳቸውን ውሃ፣ ስማቸውን ድንጋይ የያዘላቸው

በሐርጌሳው ዋሄን ገበያ ለሟች የሚገዛው ነጭ ጨርቅ ነው። ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ከፈን ይለካል። ጀናዛው ይታጠባል፣ ይሰገድበታል፣ ከተቻለ በዚያው ዕለት አፈር ይገባል። ገበያው በ1980 ዓ.ም. ጦርነት ከከተማዋ ጋር ፈርሶ ከስደት በተመለሱ ነጋዴዎች እንደገና የቆመ ነው። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት፣ ሱቆች ለረመዳን በዕቃ በተሞሉበት ሰዓት እሳት በላው። ከጨርቃ ጨርቅ እስከ ወርቅ፣ ከኤሌክትሮኒክስ እስከ ዕጣን ማጨሻ ያልተሸጠበት ነገር ጥቂት ነው። የተቃጠለ አስከሬን አመድ የሚያዝበት ማሰሮ ግን ማን ብሎ ይጠይቃል? እስልምና ሬሳ ማቃጠልን አይፈቅድም፤ እዚያ ለሥራ የሄደው የእኛ አገር ኦርቶዶክስም ቢሆን መቃብር እንጂ ሌላ አያውቅም።

ሆኖም በዚህች ምድር በእምነታቸው መሠረት በእሳት መሸኘት የነበረባቸው ሰዎች ተዋግተው ሞተዋል። ይህን የምናነሣው እምብዛም ስለማንጽፈው ነው።

እንግሊዞች የሶማሌን ጠረፍ ሲይዙ አስተዳደሩ እስከ 1890 ዓ.ም. ድረስ የሚመራው ከሕንድ ነበር፤ መገበያያውም የሕንድ ሩፒ ነበር። ከሩፒው ጋር የሕንድ ወታደር መጣ። ሚያዝያ 9 ቀን 1895 ዓ.ም. ዛሬ በእኛው ሶማሌ ክልል ገላዲ አካባቢ፣ ጉምቡሩ በሚባል ሥፍራ፣ እንግሊዞችን ይወጋ የነበረው የሰይድ ሙሐመድ አብዱላህ ሐሰን ደርቪሾች የእንግሊዙን ሌተና ኮሎኔል ፕላንኬትን ጦር ሰብረው ገቡ። የእንግሊዝ መኮንኖቹ አንድም ሳይቀር አለቁ። ከአፍሪካውያን ወታደሮች ጎን ከሕንድ የመጡ የሲክ እምነት ተከታይ ወታደሮችም ወደቁ። በዚያ ቀን ለማቃጠያ እንጨት የሚከምርላቸው ወገን አልነበረም።

ከ37 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1932፣ ጣሊያን ሐርጌሳን ይዞ ወደ በርበራ ሲገሰግስ ቱግ አርጋን በሚባል ሥፍራ ላይ ከገጠሙት መካከል ሁለት የሕንድ ጦር የፑንጃብ ሻለቆች ነበሩ። ከአምስት ቀን ውጊያ በኋላ ጦሩ በባሕር ወደ ኤደን ወጣ። መጋቢት 7 ቀን 1933 ዓ.ም. እነዚያው ሻለቆች ከኤደን ተሻግረው በርበራን አስመለሱ፤ በቀናት ውስጥ ሐርጌሳም ነጻ ወጣች። በፑንጃብ ሻለቆች ሙስሊሙ፣ ሲኩና ሂንዱው አብረው ያገለግሉ ነበር። ሙስሊሙ ሲሞት እንደ ሐርጌሳ ሰው ፊቱ ወደ ቂብላ ዞሮ ይቀበራል። አብሮት ምሽግ የቆፈረው ሲክ ግን እንጨት ያስፈልገዋል፤ በልማዱ ለአንድ ሰው ከ300 እስከ 500 ኪሎ። በረሃ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እሳቱ ከበረደ በኋላ የሚመጣው ሥርዓት በቅርበት ሊታይ የሚገባው ነው። በሂንዱ ልማድ በሦስተኛው ቀን ግድም የሟቹ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመዱ ወደ አመዱ ይመለሳል። ጎንበስ ብሎ የአጥንት ስባሪዎችን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ በውሃና በወተት ያጥባቸዋል፤ ማሰሮ ውስጥ ያኖራቸዋል፤ አፉን በጨርቅ ያስራል። ወንዝ ለመውረድ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ማሰሮው መሬት እንዳይነካ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ሂንዱው ወደ ጋንጀስ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ሃሪድዋር፣ ሲኩ ደግሞ ወደ ኪራትፑር ሳሂብ ይወስደዋል። ማሰሮው ተራ ሸክላ ቢሆን ማንም አይከፋውም፤ ሥራው መንገዱን ማድረስ ብቻ ነውና።

የአመድ ዕቃ ምርጫ የሚወሰነው አመዱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አመዱ ቤት መደርደሪያ ላይ ወይም በመካነ መቃብር ግንብ ውስጥ ስለሚኖር ቤተሰብ በነሐስ፣ በእብነ በረድ፣ በተጠረበ እንጨት መካከል ሲያማርጥ ይሰነብታል። የአንድ አዋቂ አመድ ሦስት ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ ብረት ይቅር፤ የኤርፖርት መፈተሻ ውስጡን ማየት ካልቻለ አያሳልፍም፤ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሻላል፤ የቃጠሎ ምስክር ወረቀትም መያዝ ያሻል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ከሌላ እምነት ሰው ጋር ተጋብተው፣ ባል ወይም ሚስት ተናዞ ሲሞት፣ ይህ ምርጫ ሳያስቡት እጃቸው ላይ ይወድቃል። እንዲህ ላለው ሰው የምመክረው አንድ ነው፤ ከሱቁ በፊት ሟቹ የት ማረፍ እንደፈለገ ይጠይቅ።

ከአገሩ ርቆ በጦር ሜዳ የሞተ ወታደር ግን ጋንጀስ የሚያደርሰው ልጅ አጠገቡ የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው እንግሊዝ አገር ብራይተን ከተማ ከገቡት የሕንድ ወታደሮች መካከል የሞቱ 53 ሂንዱዎችና ሲኮች ከከተማዋ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ተቃጥለው አመዳቸው ባሕር ላይ ተበተነ። በተቃጠሉበት ሥፍራ ጥር 24 ቀን 1913 ዓ.ም. ነጭ የእብነ በረድ ጉልላት ተመረቀ። መቃብር ስለሌላቸው የሚያስታውሳቸው ድንጋዩ ሆነ።

በእኛ አካባቢ የዚህ አቻ ያለው ከረን ነው። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. አራተኛውና አምስተኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ያን ቋጥኝ ተራራ ከጣሊያን እጅ ለማስለቀቅ ደም አፈሰሱ። የ6ኛው ራጅፑታና ራይፍልስ ሱባዳር ሪችፓል ራም ጥር 30 ሌሊት አዛዡ ሲቆስል ወታደሮቹን እየመራ ቦታውን ያዘ፤ ጠላት በተደጋጋሚ ቢያጠቃውም መለሰው፤ ጥይታቸው ሲያልቅ የተረፉትን ይዞ ከከበባው ሰብሮ ወጣ። የካቲት 5 ዳግመኛ ሲያጠቃ ቀኝ እግሩ በፈንጂ ተቆረጠ። ወድቆም ወገኖቹን ወደፊት ይላቸው ነበር፤ በዚያው ሞተ። ከሞት በኋላ የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ ተሰጠው።

በከረን የጦር መካነ መቃብር 440 መቃብሮች አሉ። የሪችፓል ራም ከእነርሱ አንዱ አይደለም። በዚያው ግቢ ውስጥ ለብቻው የቆመ መታሰቢያ አለ፤ የተቃጠሉ የ285 ሂንዱና ሲክ ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ የእርሱም ስም እዚያ ይገኛል።

ከከረን ድል እስከ ሚያዝያ 27፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ እስከገቡበት ቀን ድረስ፣ ስድስት ሳምንት አይሞላም። የአርበኞቻችን ተጋድሎ የማንም ተቀጥላ አይደለም፤ የከረን በር መሰበር ግን የጣሊያንን ጀርባ እንደሰበረ መካድ አይቻልም። በየዓመቱ የድል በዓል በአራት ኪሎ ሐውልት የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ፣ ከአባቶቻችን ስም ቀጥሎ የእነዚህ መቃብር የሌላቸው ሰዎች ስም ጮክ ተብሎ ሲነበብ መስማት እፈልጋለሁ። ከሪችፓል ራም ይጀመር።