የተተረተረ ቀይ ጨርቅ፦ ከባሶ ገበያ እስከ ኤልያስ ስሜ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ይጁቤን ብዙ ሰው የሚያውቃት የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ አድርጎ ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን የባሶ ገበያ በመላው ጎጃም ትልቅ ስም ነበረው። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያ በኩል ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይመጣል፤ ባሪያም ይመጣል፣ ይሄን መደበቅ አይገባም። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ዶቃና ጨርቅ ይወርዳል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በዚሁ አካባቢ ሰንብቶ ስለ ገበያው ጽፏል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የጨርቁ ነገር ነው። በምፅዋ በኩል ከህንድና ከአውሮፓ የሚገባው ቀይ ጨርቅ ሁሉ እንዳለ አይለበስም ነበር። ሸማኔው ይተረትረዋል! ያለቀለትን ጨርቅ ክር በክር ፈትቶ፣ ቀዩን ክር ለሸማው ጥለት ያውለዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥጡም ፈትሉም ከደጃችን ነው፣ እንዲያ ያለ ደማቅ ቀይ ግን እንደ ልብ አይገኝም። የመኳንንቱ ጃኖ ላይ የምናየው ቀይ፣ ብዙ ጊዜ ባህር ተሻግሮ የመጣ ጨርቅ ሁለተኛ ሕይወት ነው ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ያደጋችሁ ደግሞ ይሄን ታውቁታላችሁ። የቆየ የብራና መጽሐፍ ገበታውን ስትገልጡ፣ ከውስጥ በኩል በቆዳው መሀል አራት ማዕዘን ጨርቅ ተለጥፎ ይታያል። አንዳንዱ ሐር ነው፣ አንዳንዱ አበባ ያለበት የውጭ ጥጥ። ከትልቅ ልብስ የተረፈች ቁራጭ ልትሆን ትችላለች፤ ደብተራው ግን አልጣላትም። የመቅደሱ ሥዕልም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው። እንግዲህ በእኛ አገር ሥዕልና ጨርቅ ድሮም ዘመዳሞች ነበሩ።

የጨርቅ ባለሙያው ግን ክብር አላገኘም። ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ሸማኔውም ቀጥቃጩም ፋቂውም እንዳይነወር። አዋጁ ወጣ፣ አፍ ግን አዋጅ አይሰማም። እኔ ይጁቤ ሳስተምር እንኳ በሙያ የሚሰደብ ልጅ ነበር፤ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

ወደ ኤልያስ ስሜ የመጣሁት በዚህ መንገድ ነው።

ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ። ከልጅነቱ መስፋት፣ መጥለፍ፣ የተሰበረ ዕቃ መጠገን ይወድ ነበር። በ1990 ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ አለ ፈለገ ሰላም ካቋቋሙት ትምህርት ቤት። ጊዜው የደርግ ነው፤ ሥዕል ማለት ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ ጠብመንጃው፣ ፖስተሩ። እሱ ግን ወደ መርፌ ተመለሰ። ሸራ ወጥሮ ቀለም በመቀባት ፋንታ በክር ሞላው። ስፌቱ ከመጠጋጋቱ የተነሳ ከሩቅ የብሩሽ ምት ይመስላል፤ ስትጠጉ ነው ክር መሆኑ የሚታወቃችሁ። ከዚያ የልብስ ቁልፍ መጣ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ፕላስቲክ። ዕቃው የሚገኘው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። (ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው እኮ፦ ምን አለሽ?)

የልብስ ቁልፍ ስል ቆም በሉ። አንድ ቁልፍ ስንት ጣት ይነካዋል? ጠዋት ይቆለፋል፣ ማታ ይፈታል፣ ሸሚዙ ሲያልቅ ተበጥሶ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። እናቶቻችን ሁሉ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ነበራቸው። ኤልያስን የሚስበውም ይኸው ነው፤ ዕቃው በሰው እጅ ማለፉ። በውጭ አገር ስለ እሱ ሲጻፍ «ቆሻሻን ወደ ጥበብ የለወጠ» ማለት ይቀናቸዋል። እኔ አልወደውም። ደሀ ቤት ውስጥ ቁልፍ መቼ ቆሻሻ ሆኖ ያውቃል?

እ.ኤ.አ. በ2009 ሳንታ ሞኒካ ላይ ሥራዎቹ ለብቻቸው ታዩ፤ የዐውደ ርእዩ ስም በአማርኛ ሲመለስ «የመርፌ ዓይን፣ የልብ ዓይን» ነው። በዚያው ዓመት ፒተር ሴላርስ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ላዘጋጀው የስትራቪንስኪ «ኤዲፐስ ንጉሥ» ዙፋኖችን ሠራ። በኋላ ወደ ኮምፒውተር አንጀት ገባ፦ የተጣለ ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ፊደል፣ ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል። «ታይትሮፕ» ይለዋል ተከታታዩን፣ አክሮባት የሚሄድበትን የተወጠረ ገመድ። በ2019 ኒው ዮርክ ግዛት ዌሊን ሙዚየም ውስጥ ሰፊ ዐውደ ርእይ ተደረገለት፣ ለ2020ው የሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት ስድስት አንዱ ሆነ፣ በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ ታየ። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ከሽቦው ይልቅ የክሩን ሥራዎች አስበልጣለሁ፤ በክሩ ውስጥ የእጁ ፍጥነትና ድካም ይታየኛል።

ልብ በሉ፣ ጉዞው ተገልብጧል። ለባሶ ሸማኔ ከባህር ማዶ የሚመጣው ጨርቅ ውድና አዲስ ነበር። ለኤልያስ የሚደርሰው ግን ሌላው ዓለም ተጠቅሞ የጨረሰው ነው። ዛሬ ገበያችን ላይ በየመሬቱ የሚዘረጋው ሳልቫጅም ያው ነው።

አዲስ አበባ የምትኖሩ ተማሪዎቼ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ሂዱ። ኤልያስና መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት ነው፤ በ2019 ተከፈተ። ቤቶቹ ጭቃና ጭድ ናቸው፣ ግድግዳው ላይ ግን ጭቃው እንደ ጥልፍ ተሠርቷል። እኛ ቆርቆሮ ስናለብሰው የኖርነው የጭቃ ቤት እዚያ ሙዚየም ሆኗል።

ይጁቤ ሳላችሁ «ጋሼ፣ ቀለም የለንም እንዴት እንሳል?» ትሉኝ ነበር። አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አያታችሁ የጣፈችው ድሪቶ፣ ያረጀ ቡሉኮ፣ የቁልፍ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ካለ አትጣሉ። ፎቶ አንሱት፣ ማን እንደሠራው፣ ጨርቁ ከየትኛው ልብስ እንደተቀደደ ጠይቃችሁ ከሥር ጻፉልኝ። አያቶቻችሁ በሕይወት እያሉ ይሁን።