አንድ አደጋ፣ ሁለት ኩባንያ፣ ሁለት አንደበት

ስለ «ክራይሲስ ኮሙኒኬሽን» የሚያወራ ሥልጠና ገብታችሁ ከሆነ የታይሌኖልን ታሪክ ሳትሰሙ አልወጣችሁም። እኛም ጋዜጠኝነት ስንማር ጆሯችን እስኪሰለች ሰምተነዋል። ላልሰማችሁ በአጭሩ እናውጋችሁ።

መስከረም 1975 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1982 መሆኑ ነው) ቺካጎና አካባቢዋ ታይሌኖል የተባለውን ማስታገሻ የዋጡ ሰባት ሰዎች ሞቱ። አንድ ክፉ ሰው እንክብሉ ውስጥ ሳያናይድ ጨምሮበት ኖሯል። አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ነገሩን አልሸፋፈነም። ሕዝቡን «አትውሰዱት» አለ፤ 31 ሚሊዮን ገደማ ብልቃጥ ከየመደብሩ ሰበሰበ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ያለው ዕቃ ማለት ነው። አለቃው ጄምስ በርክ ቴሌቪዥን ላይ እየቀረቡ ጥያቄ መለሱ። መድኃኒቱ አንዴ ከተነካ በሚያስታውቅ አዲስ ማሸጊያ ተመለሰ፤ ገዢውም አብሮ ተመለሰ።

ጥሩ ታሪክ ነው። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። መርዙን የጨመረው ኩባንያው አልነበረም። ያላጠፋ ሰው ካሜራ ፊት ደረቱን ነፍቶ ቢቆም ምን ይደንቃል? ከባዱ ፈተና ጥፋቱ ከራስ ጓዳ ሲገኝ ነው። ለዚህ ደግሞ ቺካጎ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ የራሳችን ሐዘን አለን።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ያህል በረረና ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። ከ157ቱ ሰዎች አንድም አልተረፈም። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር፤ ከተገዛ ገና አራት ወሩ።

በዚያ ቀን ሁለት ኩባንያዎች አፋቸውን መክፈት ነበረባቸው፤ አየር መንገዱና ቦይንግ።

እኛ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚናገረው አፍ ሳይሆን እግር ነው። ለቅሶ ይደረሳል፤ ወሬው ኋላ ይመጣል። የያኔው የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም በዕለቱ አደጋው ቦታ ደረሱ። ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ስብርባሪው መሐል ቆመው የሚታዩበትን ፎቶ አየር መንገዱ ራሱ በማኅበራዊ ድረ ገጽ አወጣው። ጽሑፉ አጭር ነበር፤ ቦታው ላይ ናቸው፣ የተረፈ የለም፣ ለቤተሰቦች መጽናናትን ይመኛሉ። ስለ ምክንያቱ አልተነበዩም። አየር መንገዱ ግን ምክንያቱ እስኪታወቅ ሳይጠብቅ የቀሩትን አራት ማክስ አውሮፕላኖች ከበረራ አገደ። ይህም ንግግር ነው!

ቦይንግስ? እሱም ሐዘኑን በመግለጫ አስታውቋል። ሐዘኑን አስከትሎ ግን በማክስ ደህንነት ሙሉ እምነት እንዳለው ተናገረ። መጋቢት 2 ቻይና አውሮፕላኑን አገደች፤ መጋቢት 3 አውሮፓ ተከተለች። በዚያው ዕለት የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሙለንበርግ ለፕሬዚዳንት ትራምፕ ስልክ ደወሉ፤ አውሮፕላኑ ደህና ነው ለማለት። በማግስቱ አሜሪካም አገደችው።

ልብ በሉ፤ ይህ የመጀመሪያው አደጋ አልነበረም። ጥቅምት 19 ቀን 2011 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገብቷል። በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር የመጣ የተሳሳተ መረጃ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፍቷል። የላየን ኤር አብራሪዎች እንዲህ ያለ ሶፍትዌር መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። ከአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ እንዲቀር ያስደረገው ራሱ ቦይንግ ነው።

እንግዲህ ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። የቦይንግ አንደበት የተበላሸው መጋቢት 1 ቀን አይደለም። ያ አንቀጽ ከመመሪያው እንዲቀር በተወሰነ ቀን ነው። በደህና ጊዜ ለአብራሪው እውነቱን ያልነገረ ኩባንያ በክፉ ቀን ለሐዘንተኛ ምን ብሎ ሊነግር ይችላል?

መጋቢት 26 የያኔዋ የትራንስፖርት ሚኒስትር ወ/ሮ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱን ይፋ አደረጉ። አብራሪዎቹ አምራቹ ያስቀመጠውን ሥርዓት ደጋግመው ፈጽመዋል፤ አውሮፕላኑ ግን እምቢ አለ፤ የሪፖርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር። በዚያው ዕለት ሙለንበርግ በቪዲዮ ቀርበው ለጠፋው ሕይወት ይቅርታ ጠየቁ፤ ኤምካስ በተሳሳተ መረጃ መሥራቱንም አመኑ። ከአደጋው 25 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ይሁን፣ ዘግይቶም ቢሆን ይቅርታ ይቅርታ ነው ብለን እንለፈው።

ግን ወር እንኳ አልቆየም። ሚያዝያ 21 ቀን፣ እዚያው የታይሌኖል ከተማ ቺካጎ ላይ፣ ሥርዓቱ በአንዳንድ ሁኔታዎች ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም ብለው ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ቀሰሩ። ዋና አብራሪው 29 ዓመቱ ነበር፤ የብዙዎቻችን እኩያ። ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ በርሯል። ረዳቱ 25። ሙት ተነሥቶ መግለጫ አያወጣም። የሚከራከርለት ሰው ከሌለ ስሙም አብሮት ይቀበራል። በእኛ ዕይታ ቦይንግ የወደቀው እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሙለንበርግ ታኅሣሥ 2012 ከሥልጣናቸው ተነሡ። ታኅሣሥ 2013 ቦይንግ የወንጀል ክሱን ለማስቆም ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ኅዳር 2014 ደግሞ ቺካጎ ፍርድ ቤት ለ302 አደጋ ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ በአብራሪዎቹም ሆነ በአየር መንገዱ ላይ ላያላክክ ተስማማ። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው!

አየር መንገዱን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። ታኅሣሥ 2015 የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ስለ አብራሪዎቹ ሚና ያልተስማሙበት ነጥብ ነበር፤ የሙያ ክርክር ነው፣ ይቀጥላል። የመርማሪ ሥራ ሌላ፣ አምራች ገና በሐዘን ላይ ባሉ ቤተሰቦች ፊት ጣቱን መቀሰሩ ሌላ።

ነገ ብዙዎቻችን የሆነ ባንክ ወይም ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ውስጥ መግለጫ ስናረቅቅ እንገኛለን። አለቃችን «ድርጅታችን ከተጠያቂነት ነፃ መሆኑን አጥብቀሽ ጻፊ» ይለናል። ያኔ ብዕሩን ከማንሳታችን በፊት አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር የሟች እናት ደጃፍ ቆመን እንናገረዋለን? የማንናገረው ከሆነ አንጻፈው።

ቸር እንሰንብት!